የዘሀራ ቀኝ ጉንጭ

ዘሀራ ፍላቂት ገበያ ውስጥ ገብስና ባቄላ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ቦታዋ ከመኪናው መንገድ ዳር፣ ጥላ የሚባል ነገር የሌለበት ነው። ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ስለምትቀመጥ፣ ወደ ደቡብ አዘንብላ የምታልፈው የበጋ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የምታገኘው ቀኝ ጉንጯን ነው። አገሩ ደጋ ነውና ፀሐይ ትጎዳኛለች ብላ አስባ አታውቅም።

ጉንጯና የእጆቿ ጀርባ በቡናማ ነጠብጣብ መሞላቱን ያየችው እሷ ሳትሆን የባሏ እህት ጀውሀራ ናት። ዘሀራ ባሏ ጣሃ ካረፈ ወዲህ መስታወት አይታ አታውቅም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ገበያ ትወጣለች። ሰው ጠንካራ ናት ይላል። እሷ ግን ሐዘኑ ይመጣል ብላ ብትጠብቅ አልመጣላትም።

ጀውሀራ ማድያት ነው ብላ፣ ማሸጊያው ላይ ጽሑፍ የሌለበት፣ ፊት የሚያቀላ ቅባት ገዝታ አመጣችላት። ዘሀራም እሺ ብላ ተቀባችው። ነጠብጣቡ መጀመሪያ ፈዘዝ አለ፤ ኋላ ፊቷ ቀልቶ፣ ቆዳዋ ሳስቶ ይላላጥ ጀመር። አያቃጥልሽም ወይ ብትባል ልብ አላልኩትም አለች። ይሄኔ ጀውሀራ ደንግጣ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት።

ነርሷ ሪሃና መጀመሪያ ቅባቱን አስጣለቻት። ከዚያ ነጠብጣቡን በባትሪ እያየች አስረዳቻት። የብዙ ዓመት ፀሐይ ከዕድሜ ጋር ቆዳ ላይ የሚተወው ቀለም ነው፤ አያምም፣ ወደ ሰውም አይጋባም። ጥላ ሥር መቀመጥ፣ ፊትን በሻሽ ወይም በሰፊ ባርኔጣ መከለል፣ እጅጌ ረጅም ልብስ መልበስ እንዳይብስ ይረዳል። ይጥፋልኝ ያለ ሰው ደግሞ የቆዳ ሐኪም ያዘዘለትን ብቻ ይቀባል።

ከጆሮዋ ሥር ያለው አንዱ ግን ከሌሎቹ የጠቆረ፣ ጠርዙም የተዛነፈ ነበር። ሪሃና እሱ ላይ ቆየች።

«ይሄኛው ደምቶ ያውቃል፣ እናቴ?»

«ሻሼ ላይ ደም አይቻለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ዘሀራ አሰበች። «ጣሃ በሕይወት እያለ ነው። ለሐኪም አሳዪው፣ አሳዪው ይለኝ ነበር።»

ወደ ወልድያ ሆስፒታል ተላከች። እዚያ በመርፌ አደንዝዘው ነጠብጣቡን ቆርጠው ለምርመራ ወሰዱት። በሚኒባስ ሲመለሱ ጀውሀራ በሆዷ ዱዓ ታደርጋለች፤ ዘሀራ በመስኮት የታጨደውን የገብስ ማሳ ታያለች። ምን እያሰብሽ ነው ብትላት፣ ምንም አለች። እውነቷን ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ክፉ ነገር የለበትም ተባለ። ጀውሀራ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዘሀራ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ደህና ነሽ ወይ ላላት ሰው የምትመልሰውን ያህል።

በሚቀጥለው ገበያ ጀውሀራ እንጨት ተክላ ሸራ ወጠረችላት። ፊቷ ከመላላጥ ዳነ፤ ሌሎቹ ነጠብጣቦች እንዳሉ ናቸው፣ ልታጠፋቸውም አልፈለገችም። የለመዷት ደንበኞች ከሸራው ሥር እስኪያዩዋት ትንሽ ፈለጓት። ስትጠራቸው መጡ፣ ባቄላውንም ሰፈረችላቸው።