የታችኛው ረድፍ አይጦች

የከተማችን ኮሌጅ የምርምር አይጦች ቤት ጠባቂ አድርጎ ሲቀጥረኝ የኤረር በር ሰፈር ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። "ሰው አይጥ ያባርራል፣ አንተ ልትቀልብ ነው?" አሉኝ። ሥራው ቀላል ነበር፤ ሰጋቱራ መቀየር፣ ውኃ መሙላት። የከበደኝ እነሱን ማየት ነው። ላይና ታች በሁለት ረድፍ በተደረደረው ባዶ ሳጥናቸው ውስጥ ሲዞሩ ይውላሉ። ከታችኛው ረድፍ አንዷማ ሽቦውን ስትነክስ አፍንጫዋ ተላጠ። እኔም አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ።

አንድ ጠዋት ከሰፈር ሱቅ ባዶ የእንቁላል ካርቶን ለምኜ አመጣሁና ቆራርጬ ሰጠኋቸው። የበቃው ለታችኛው ረድፍ ብቻ ነው። በማግስቱ ካርቶኑን ተልትለው፣ ጎጆ ሠርተው፣ ተቃቅፈው ተኝተው አገኘኋቸው። ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያ ሰሞን አንዲት ተማሪ ፍርሃት ያስታግሳል የተባለ የቅጠል ጭማቂ ትሞክር ነበር። የአይጦቹ ሽታ ስለሚያስላት አይጥ ቤት አትገባም፤ አይጦቹን ወደ መፈተኛው ክፍል የማመላልስላት እኔ ነኝ፤ ጭማቂውን የምታጠጣቸውም እዚያው ነው። መፈተኛው ግማሹ ጨለማ፣ ግማሹ ብርሃን የሆነ ሳጥን ነው። የፈራች አይጥ ከጨለማው አትወጣም።

ከሳምንታት በኋላ እየሮጠች መጣች።

"ጋሼ፣ መድኃኒቱ ሠራ! የጠጡት ሁሉ ወደ ብርሃኑ ይወጣሉ።"

"የጠጡት የትኞቹ ናቸው?"

"የታችኛው ረድፍ። የላይኞቹ ውኃ ብቻ ነው የጠጡት።"

ካርቶን ያገኙትም እነዚያው ብቻ ነበሩ፤ ፍርሃታቸውን ያበረደው መድኃኒቱ ይሁን ጎጆው በምን ይታወቃል? ሦስት ቀን ቤቴ አላስቀምጥ አለኝ፤ ያለ ጉዳይ እስከ ሐኪም ጋራ አናት ወጣሁ፣ ወረድኩ። ብናገር እባረራለሁ። ባልናገር የልጅቷ ድካም ውሸት ይሆናል። ሰላት ላይ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ይጠፋኝ ጀመር።

በአራተኛው ቀን ጠርቼ ካርቶኑን አሳየኋት።

"ወላሂ፣ አዝኜላቸው ነው እንጂ ሥራሽን ላበላሽ ብዬ አይደለም።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። "ምነው ሳይነግሩኝ?" አለችና ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ከመምህሯ ጋር ተመለሰች። መምህሩ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አዩ። "ጥፋቱ የእኛም ነው፤ በረድፍ መክፈል አልነበረብንም" አሉ። አልተባረርኩም። ፈተናው በአዳዲስ አይጦች እንደገና ተጀመረ፤ ካርቶን ለሁሉም ተሰጠ፣ መድኃኒቱና ውኃው በዕጣ ተደለደለ። እሷም አፍንጫዋን ሸፍና አብራኝ ትገባ ጀመር።

በመጨረሻ ውኃ የጠጡትም መድኃኒት የጠጡትም እኩል ወደ ብርሃኑ ወጡ።

"እንዳለ እጽፈዋለሁ" አለችኝ። ጽፋውም ተመረቀች። ቅጠሉ እንዲሠራላት ስንት ቀን ዱዓ እንዳደረግኩ ግን አልነገርኳትም።