ያልታሸው ሆድ

ወልድያ ሆስፒታል በጽዳት ስቀጠር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያው ቀን የኦፕሬሽን ክፍሏ ኃላፊ ሲስተር አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ፦ «አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ያለው ሁሉ ከጀርም የጸዳ ነው፤ ሳትታዘዢ እንዳትነኪ።» እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ስዞር «ይቺ ጽዳት ናት ወይስ ጉብኝት የመጣች ባለሥልጣን?» እያሉ ነርሶቹ ሳቁብኝ።

ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። የመቀሱንም የመቆንጠጫውንም ስም ከማጠብ ብዛት ለመድኩት፤ ኋላ የኦፕሬሽን ክፍል ረዳት አደረጉኝ።

ሰዓዳ ከሀብሩ ገጠር የመጣችው ያኔ ነው። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕሬሽን ወልዳለች፤ አሁን አርግዛ ጥቂት ጥቂት ትደማለች። አማቷ እማማ ዘሐራ አብረዋት ናቸው፤ በአገራቸው ሆድ በማሸት የታወቁ።

ዶክተሩ በአልትራሳውንድ ደጋግሞ አየና ለቤተሰቡ ነገራቸው፦ «ጽንሱ ቦታውን ስቶ የድሮው ስፌት ጠባሳ ላይ ነው ያረፈው። ዙሪያውን ያሉት ደም ሥሮችም ጤነኛ አይደሉም፤ አብጠው ተጠላልፈዋል። እንደ ሌላው ውርጃ ብንጠርገው ደሙ አይቆምም። ደም አዘጋጅተን፣ ሆዷን ከፍተን፣ ደም ሥሩን አስረን ነው የምናወጣው። እንዲያም ሆኖ ካልቆመ ማሕፀኗ ይወጣል።»

ባልየው ደም ሊሰጥ ሄደ። እኔ ሰዓዳን ላዘጋጅ ስገባ፣ እማማ ዘሐራ ቅቤ ፈትተው መዳፋቸውን እየቀቡ ነው።

«እማማ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ላሻት ነዋ። ቦታውን ስቷል አላለም? ልመልሰው። ስንቱን መልሻለሁ።»

«ሆዷ አይነካም። ደም ሥሩ ከተበጠሰ እጅዎ ላይ ትቀራለች።»

«አንቺ መጥረጊያ ያዥ፣ ለኔ ማሕፀን ልታስተምሪ?»

«አላስተምርም። እኔም እዚህ ስገባ መጀመሪያ የተባልኩት አትንኪ ነው። እስቲ እጅዎን ይስጡኝ።»

ሰዓዳ ከአልጋው ላይ «እማዬ፣ በአላህ ይተዉት» አለች። ቅቤውን በፎጣ ጠረግሁላቸው።

«ዱዓስ ይከለከላል?» አሉኝ አኩርፈው።

«እሱን አብዝተው ያድርጉ።»

ኦፕሬሽን ክፍል ገብታ ጽንሱ ሲወጣ ደሙ የመምጠጫውን ጠርሙስ ሞላው። ዶክተሩ አንገቱን ሳያቀና አሰረ፣ ሰፋ። እኔ ጨርቅ አቀብላለሁ፣ ደም አመላልሳለሁ። ደሙ ብዙ ቆይቶ ቆመ። ሰዓዳም ተረፈች፣ ማሕፀኗም ተረፈ።

ከሥራዬ የተማርኩት ይኸው ነው፤ ምን እንደሆነ ሳይታይ አይነካም። እጅ መሰብሰብም ሥራ ነው።

እማማ ዘሐራ ማሸት አልተዉም፤ ወገብና እግር ያሻሉ። ነፍሰ ጡር ስትመጣባቸው ግን አስቀድመው «ደም አይተሻል?» ይሏታል። አዎ ካለች፣ ቅቤያቸውን ይከድኑና ባጃጅ አስቁመው፣ አብረዋት ተሳፍረው መርሳ ጤና ጣቢያ ያደርሷታል።