ለራጅ የለበሰችው ቲማቲም ሻጭ

የሳንባ ራጅ የሚያነሳው መኪና ካንያማ በተባለው ሰፈር ገበያ ሲቆም፣ ሰፈሩ ሁሉ ከነሥራ ልብሱ ተሰለፈ። አንዲት ቲማቲም ሻጭ ግን የቤተ ክርስቲያን ነጭ ሸሚዟን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ ሳሏን በሳቅ እየሸፈነች ከች አለች።

"ፈገግ ልበል?" አለችው ራጅ አንሺውን ምዊንጋን።

"እማማ፣ የሚነሳው ደረትዎ ነው። ዶቃዎንም ያውልቁት።"

"ምነው፣ ለሳንባዬ ዶቃ አያምርበትም?"

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ።

ራጁን ተነስታ ስታበቃ ግን ከመኪናው አልወርድም አለች።

"አንድ ቅጂ ስጠኝ፣ ልጄ። ጆሃንስበርግ ላለው ልጄ እልክለታለሁ።"

ምዊንጋ ሳቀ። "የፊትዎን ፎቶ ቢልኩለት አይሻልም?"

ዶቃዋን ቀስ ብላ መልሳ አጠለቀች።

"ፊቴንማ ልኬለት፣ 'አምሮብሻል' ብሎኝ ዝም አለ።"