በገዳሪፍ የተሠራ የካርቦን እግር

ሳይደርቅ ጆንያ የገባ ሰሊጥ ሽታ አለው። መጀመሪያ እንደ ጠላ ጥንስስ ይሸታል፤ ውሎ ሲያድር ይኮመጥጣል፤ በመጨረሻ አፍንጫ ያስይዛል። ዓለምነው ይህን ሽታ ያወቀው ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ከመተማ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ገዳሪፍ ለአጨዳ በገባበት ዓመት ነው። ቶሎ ልጨርስ ብሎ ጤዛው ያልለቀቀውን ሰሊጥ አራግፎ ጆንያ ሞላ። በሳምንቱ ጆንያው ሲፈታ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። የእርሻው ሹም ግን አልተቆጣውም። "ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ሰሊጥ ሲያቻኩሉት ይቀየማል" ብሎት ብቻ አለፈ።

ዛሬ ዓለምነው ከተማው ዳር ባለች አነስተኛ ወርክሾፕ ሰው ሠራሽ እግር ይሠራል። ሙያውን ያስተማረው ኡስታዝ ሉጥፊ የሚባል ሱዳናዊ ነበር። ቋንቋውን በቅጡ የማያውቅ የቀን ሠራተኛ እጁን ይዞ ለቁም ነገር ያበቃ ሰው ነውና፣ ዓለምነው ስሙን ሲያነሳ ሳይመርቀው አያልፍም።

ዘንድሮ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ባንታምላክ የሚባል የአርማጭሆ ልጅ በምርኩዝ እየዘለለ መጣ። ከሁለት ዓመት በፊት የትራክተር ማረሻ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ወስዶታል። ከፕላስቲክ የተሠራለት እግር ሁለት ጊዜ ተሰንጥቆበታል፤ የኮቲቻው ጥቁር ጭቃ ሲይዘውም ወልቆ እዚያው ይቀራል።

"አያ ዓለምነው፣ አጨዳው ሊጀመር አሥር ቀን ቀረው። የእርሻው አለቃ ጆንያ ሰፊ አድርጎ ሊወስደኝ ነው፤ ግን በሁለት እግርህ ቆመህ ካየሁህ ብሎኛል። ካልሆነ ወደ አገሬ መመለሴ ነው።"

"ተመልሰህስ?"

"የእናቴን እጅ ጠባቂ እሆናለሁ።"

ዓለምነው ጓዳ ገብቶ የካርቦኑን ጨርቅ አየ። ከፀጉር ከቀጠነ ጥቁር ክር የተሸመነ ጨርቅ ነው። በጀሶ ቅርጽ ላይ ደራርበው ያለብሱታል፤ በፕላስቲክ ከረጢት ያሽጉታል፤ ሬዚን የሚሉትን ፈሳሽ ሙጫ አፍስሰው አየሩን በሞተር ይመጥጡታል። ሲደርቅ እንደ ብረት ይጠነክራል፣ እንደ ቅል ይቀላል። የቀረው ሁለት እግር የሚወጣው ብቻ ነበር። በሱዳኑ ጦርነት መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ሌላ አልመጣም።

የመጀመሪያውን ሠራ። ደርቆ ሲወጣ በሳንቲም መታ መታ አደረገው። አንዱ ወገን እንደ ደወል ጥርት አለ፤ ሌላው ወገን ድፍን፣ እንደ ዱባ። በጉልበቱ ጫን ቢለው ጠሽ ብሎ ተሰነጠቀ።

"ይሄማ ከእኔ አጥንት ይብሳል!" አለ ባንታምላክ። ሊስቅ ሞክሮ ተወው።

"ጨርቁ ነው። በመንገድ ብዛት ተበላሽቷል" አለ ዓለምነው። ግን ልቡ አላረፈም። ሉጥፊ ይል የነበረው ትዝ አለው፤ "ጨርቁም አንድ፣ ሙጫውም አንድ ነው። መልካምና ክፉ የሚያደርገው የተሠራበት ቀን ነው።"

የተሰነጠቀውን በመጋዝ ቆርጦ መስኮት ዳር ያዘው። በድርብርቡ መካከል እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ የአየር ቀዳዳዎች ተሰልፈዋል፤ ያሉትም በአንድ ወገን ብቻ ነው። ያ ወገን ጨርቁ ከጠረጴዛው ወደ ወለሉ ተንጠልጥሎ ያደረበት ጫፍ ነበር። የቀረውን ጨርቅ ጫፍ በጣቶቹ ቢያሸው ረጠብ አለው። ያ ያልደረቀ ሰሊጥ ሽታ ከሠላሳ ዓመት በኋላ አፍንጫው ውስጥ የገባ መሰለው።

በዚያ አገር እንግዳ ሲጠበቅ ወለሉና ግቢው ውሃ ይረጫል፤ አቧራው እንዲተኛ፣ ቤቱም እንዲቀዘቅዝ። ወርክሾፑን የምታጸዳው ሳና ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ ስትረጭ ከርማለች።

"ሳና፣ ከዛሬ ጀምሮ ውሃ እንዳትረጪ።"

"ወላሂ አንተ ሰው! ርጪ ያልከኝ አንተ አይደለህ? 'ሕመምተኛ አቧራ ላይ አይቀመጥም' ያልከው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ ነው። ውሃው ጨርቁ ውስጥ ገባ፤ ሙጫው ሲሞቅ ያ ውሃ እየተነፈሰ ቀዳዳ ተወ።"

ሳና መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደገፈች። ኋላ፣ "ማሌሽ፣ ግድ የለም። ታዲያ አቧራውን ምን እናድርገው?" አለች።

"በር እንዘጋለን፤ ማራገቢያውንም አንከፍትም።"

"እንግዲያ እኛ እንቀቀል!"

የመጨረሻውን ጨርቅ ፕላስቲክ በሚያሞቁበት ምድጃ ውስጥ በለስላሳ ሙቀት ሲያደርቀው ዋለ፤ የጀሶውንም ቅርጽ እንዲሁ። ሥራውን ለንጋት አደረገው፤ በቀትር ሙቀት ሙጫው እታች ሳይደርስ ይጠነክራልና። መብራት እንዳይከዳው ጄኔሬተሩን አስቀድሞ አስነሳ። ሳና ወለሉን ከዋዜማው በደረቅ ጠርጋ፣ በሩን በጨርቅ ወትፋ፣ ላቧ እየተንቆረቆረ ከረጢቱን ያዘችለት። ሙጫው ጥቁሩን ጨርቅ እያራሰ ሲወርድ ዓለምነው ከረጢቱን በጣቱ እየዳበሰ አብሮት ወረደ። ያንን ጣት ያስለመዱትን የሉጥፊን እጆች በሆዱ አመሰገነ። የእርሻውንም ሹም መረቀ፤ ያን ጊዜ ቢሰድበው ኖሮ ስድቡን እንጂ ትምህርቱን አይዝም ነበርና።

በሦስተኛው ቀን በሳንቲም መታው። ዙሪያውን አንድ ድምፅ ሰጠ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሳና" አላት።

"ለምኑ? ውሃ ስላልረጨሁ?" ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ባንታምላክ እግሩን አጥልቆ በሁለቱ የብረት መደገፊያዎች መካከል ቆመ። ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። ጠሽ የሚል ድምፅ አልተሰማም። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፤ ከዚያ እጁን ከብረቱ አነሳ።

"ቀስ በል፣ የወንድሜ ልጅ፤ ዙር፣ አሁን ደግሞ ተመለስ" አለው ዓለምነው።

አልተመለሰም። ፊቱን ወደ በሩ እንዳደረገ ደፉን ተሻገረ። እሱ ደህና ዋሉ፣ እነሱም ደህና ግባ ሳይሉ ቀሩ፤ የጫማው ኮቴ ብቻ እኩል እኩል እየረገጠ በግቢው አልፎ ወደ እርሻው መንገድ ራቀ።