የሥራ ፈጠራው መምህር ልጅ

ሥራ ፈጠራ የሚያስተምረውን ሰውዬ ተማሪዎቹ «ቲቸር ካፒታል» ይሉታል። እሱ ቅጽል ስሙን እንደ ሙገሳ ቆጥሮታል፤ ይቁጠረው። በዕድሜው አንዲት መርፌ እንኳ ሸጦ አያውቅም። ደመወዙን ወር ጠብቆ ሲቀበል፣ ወር ሳይሞላ ሲያልቅበት የኖረ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና ወስዶ ቦርሳና ሰርተፊኬት ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው!

«ደመወዝ ባርነት ነው!» ይላል ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔውን እያወዛወዘ። «ሰፈራችሁ ምን እንደቸገረው እዩ፤ ችግሩን ወደ ሥራ ቀይሩት!» ደወል ሲደወል ግን ሩጫው ወደ ሒሳብ ክፍል ነው፤ ደመወዝ ገብቶ እንደሆነ ለመጠየቅ።

ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ፕሮጀክት ይሠራሉ። ሻማ የሚያቀልጡ አሉ፤ ሻማቸው ገና ሳይበራ ይጎብጣል። ሳሙና የሚሠሩ አሉ፤ ሳሙናቸው አረፋ ብርቁ ነው። በኤግዚቢሽኑ ቀን ወላጅ ይሉኝታ ይዞት ይገዛል፣ መምህርም ለባልደረባው ሲል ይገዛል። ቲቸር ካፒታል ይህን ሁሉ አይቶ «ከፍተኛ የገበያ ፍላጎት ታይቷል» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ሁሉ ተማሪ መሀል ትምህርቱን ከልቧ ያመነችው የገዛ ልጁ ስትሆን ነው። ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞራ ጠየቀች። በየቤቱ ዚፑ የተበላሸ ቦርሳና ጃኬት ተወዝፎ አገኘች። ፒንሳ፣ መቀስና አሮጌ ዚፕ የሞላበት ጣሳ ይዛ የሰፈሩ ክሊኒክ በር አጠገብ ተቀመጠች። የቡድን ጓደኞቿ ማርካቸውን እንዳገኙ በየፊናቸው ሄዱ። እሷ ግን ደንበኛ አፈራች፤ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ቦርሳውን ያቀብላት ጀመር።

ታዲያ አባት ደስ ሊለው አይገባም? የለም! እሱ እቴ! በክሊኒኩ በኩል ማለፍ ትቶ በጓሮ መንገድ ይዞራል። አጎቷ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና እንድትቀጠርም ደጅ ይጠናል። ባርነት ያለውን ለልጁ ሲለምን ትንሽ እንኳ አይሰቀጥጠውም።

«አባዬ፣ ትምህርት ስጨርስ ክሊኒኩ ጎን ያለችውን ጠባብ ቤት ልከራያት። አንተ ካልፈረምክ አይሰጡኝም» አለችው ራት ላይ።

«መንገድ ዳር ተቀምጦ የሰው ዚፕ መጎተትም ሥራ ሆኖ ነው?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ?»

«እሱማ ለተማሪዎች ነው!»

«እኔስ?»

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው። «እሺ፣ ፕሮጀክታችሁን ሊያዩ ከበላይ ቢሮ የሚመጡት እንግዶች ጥሩ ነው ካሉ እፈርማለሁ» ብሎ ተገላገላት። ልጅቷ ግን ቃሉን እውነት ብላ ያዘችው።

እንግዶቹ መጡ። የጎበጠው ሻማ ያልማረካቸው ሹም «ሰፈር ወርዶ የሚሠራ የለም?» አሉ። ቲቸር ካፒታል ምስጋናው አጓጓውና እየመራ ክሊኒኩ በር ድረስ ወሰዳቸው። የሹሙ ቦርሳ ዚፕ አልዘጋ ብሎ ከርሞ ኖሮ፣ እዚያው ሰጧት። ልጅቷ የዚፑን ራስ ነቅላ፣ በፒንሳ ጠበቅ አድርጋ፣ ሁለት ጊዜ ስባ ሞከረችና መለሰችላቸው።

«ይሄ ነው ሥራ! ይቺ ጎበዝ የማን ልጅ ናት?»

ልጅቷ ቀና ብላ አባቷን አየች። እሱ የእሷን አቧራ የለበሰ ቀሚስ አየ፤ የእንግዶቹን የሚያብረቀርቅ ጫማ አየ።

«ከተማሪዎቼ አንዷ ናት» አለ።

እጇ ፒንሳውን እንደያዘ ቀረ። ሹሙ ግን ምንም አልገባቸውም። «አባትሽ ኮርቶብሽ ይሆናል የኔ ልጅ?» አሏት።

«አባቴ እዚህ ሲያየኝ አያውቀኝም» አለች፣ ዕቃዋን ወደ ጣሳው እየመለሰች።

ሹሙ ከልባቸው አዘኑ። ወደ ቲቸር ካፒታል ዞረውም «ይኸውልዎ መምህር፣ ቁጭ አድርጎ ማስተማርስ እንዲህ ያለውን አባት ነበር!» አሉት።

«ልክ ነዎት» አለ ቲቸር ካፒታል። «እኛን ያስቸገሩን ወላጆች ናቸው።»