ቀድሞ የጠጣው ኮምፒውተር

ይህ የገጠመኝ በ2009 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ነው። በተፈጥሮዬ ማንንም ቶሎ አላምንም። በዚያን ቀን ግን ከእኔ የባሱ ሰዎች መካከል ተቀምጬ ስለነበር፣ ጥርጣሬ ከውጭ ሲታይ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። እስከ ዛሬ ያልረሳሁትም ለዚህ ነው።

በአንድ ኮሌጅ አስተምር ነበር። ስሙን አልጠቅስም፤ የያኔው ዲናችን ስለ ስም ማጥፋት የሚናገረውን ሕግ በቃላቸው ያውቁታል። የተማሪዎች ውጤት በሙሉ፣ የቴፒውን ቅርንጫፍ ጨምሮ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ ነበር። ሰርቨሩን የምትቆጣጠረው ትዕግሥት የምትባል፣ እዚያው አጠገባችን ካለችው ሸዋ ቤንች የመጣች ልጅ ነበረች፤ ዝምተኛ፣ ምሳዋን ከቤት ቋጥራ የምትመጣ፣ እሑድ እሑድ ቸርች የምትዘምር።

በምረቃው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ትዕግሥት ማንንም ሳታስፈቅድ ሰርቨሩን አጠፋችው። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅላ ክፍሉንም ቆለፈችው።

በማግስቱ የተመራቂዎች ስም መለጠፍ ነበረበት። ከማጂ ድረስ የመጡ ወላጆች በር ላይ ቆመዋል፤ አንዳንዱ የምረቃውን በግ እየጎተተ ነው የመጣው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገበያ ደረሰ፤ ግሬድ ስትሸጥ ኖራ ልትያዝ ስትል አጠፋችው ተባለ። ዓመቱም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ክፉ ዓመት ነበር። ኢንተርኔት መቁረጥ የመንግሥት ሥራ ነው እንጂ የአንዲት ሠራተኛ አልነበረም። ልጅቷ “እኔ ነኝ የነቀልኩት” ስትል፣ ገመድ ሳይሆን ባንዲራ ያወረደች ነው የመሰለው።

እንደ ደንቡ ኮሚቴ ተቋቋመ። ዲኑ አቶ ሰይፉ ሰብሳቢ፣ የሬጅስትራር ኃላፊዋ ወይዘሮ አልማዝ ጸሐፊ፣ እኔ አባል። ለምን እንደተመረጥኩ አውቃለሁ። ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ስለምቃወም፣ እኔ ያለሁበት ኮሚቴ ገለልተኛ ይመስላል።

ትዕግሥት ተጠርታ ገባች።

“ምን ነክተሽ ነው ያጠፋሽው?” አሏት ዲኑ።

“ምንም አልነካሁም ጋሼ። እኛ ሰርቨር ላይ ያለው ሲስተም ክፍተት ተገኝቶበታል። ሌላ አገር የተቀመጠ ሰው ይለፍ ቃል ሳያስፈልገው ገብቶ የፈለገውን ሊያዘው ይችላል። በየአገሩ እየገቡ ፋይል ይቆልፉና ብር ይጠይቃሉ። ማስተካከያው ወጥቷል፤ ጅማ ያለች ጓደኛዬ ፍላሽ ላይ ጭና በነገው መኪና ትልክልኛለች። እሱን ሳልጭን ከበራ ውጤቱ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል።”

“ሌላ ቅጂ የለም?” አልኳት።

“ቅጂ ማስቀመጫ ዲስክ ጠይቄ ነበር። በጀት የለም ተባልኩ።”

ዲኑ ጣሪያውን አዩ። ወይዘሮ አልማዝ ሳቁ። “አንቺ ልጅ፣ ዓለም ላይ ስንት ባንክ እያለ፣ ሌባው የእኛን ግሬድ ፍለጋ ሚዛን ድረስ ይመጣል?”

“እኛን ብሎ አይመጣም እትዬ። ያገኘውን በር ሁሉ እየገፋ ነው የሚሄደው።”

እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኳትም። የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዓመት ሲገባ ኮምፒውተር ሁሉ ያብዳል ተብሎ ስንት ገጽ እንዳነበብኩ አስታውሳለሁ፤ ያበደ ግን አላየሁም። ዲኑንም አላመንኳቸውም። ከሰዓት በኋላ ከከተማው ጥገና ቤት ሰው አስጠርተው ሰርቨሩን ሊያስበሩ፣ ልጅቷን ከሥራ አግደው ለፖሊስ ሊሰጧት ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ወስነው ጨርሰዋል። ተሳስታ ከሆነ ሥራዋን ታጣለች። ትክክል ከሆነች ደግሞ የሁሉም ውጤት ይጠፋና ጥፋቱ በእሷው ይላከካል። በየትኛውም መንገድ ቢኬድ የምትታሰረው እሷ ናት።

ያን ጊዜ ነው የድሮ አሳላፊ ትዝ ያለኝ። አሳላፊ ጠጁን ለጌታው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ማንም ማንንም አያምንም፤ ማንም ማንንም መርዘኛ ብሎ አይሰድብም፤ ግብሩም ይቀጥላል። ከአገራችን ልማዶች ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

“ላይብረሪ ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር አለ” አልኩ። “ያው ክፍተት ካለበት፣ እንደ ድሮ አሳላፊ እሱ ቀድሞ ይጠጣ።”

ትዕግሥት ወዲያው ገባት። “አለበት። እንደ ሰርቨሩ በቀጥታ ከውጭው መስመር ጋር እሰካዋለሁ። ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ጋር ግን አይገናኝም።”

ኮምፒውተሩ መጣ፤ የሸረሪት ድሩ ተጠረገለት፤ ጠረጴዛው ላይ ተሰካ። አራታችንም ከበብነው። ምንም አልሆነም። ወይዘሮ አልማዝ ሻይ አዘዙ። ዲኑ ሰዓታቸውን እያዩ “ለጥንቆላ የምናባክነው ጊዜ የለንም” አሉ። ትዕግሥት ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። እየጸለየች መሆኑን ዘግይቼ ነው ያወቅሁት። ቫይረስ እንዲመጣ ሲጸለይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሁለተኛው ሻይ ሲመጣ ስክሪኑ ቀላ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስፈራሪያ ወጣበት፤ ፋይሎቻችሁን ቆልፈናል፣ ማስከፈት ከፈለጋችሁ ክፈሉ ይላል። ከተሰካ ወዲህ ማንም እጁን አላሳረፈበትም።

እፎይ ልል ስል ዲኑ ቀደሙኝ። “ይሄንን ማን ጫነበት?”

“እኮ!” አሉ ወይዘሮ አልማዝ። “የሰካችው እሷ አይደለችም እንዴ?”

ጥርጣሬ ማስረጃ ሲያገኝ ይሞታል ብዬ አስብ ነበር። ለካ ማስረጃውን በልቶ ይወፍራል።

ትዕግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። “እሺ ጋሼ፣ እኔ አልነካም። ይኸው ላፕቶፕዎ ፊትዎ ነው፤ እሱም ያው ክፍተት አለበት። በገዛ እጅዎ ይሰኩት።”

ዲኑ ገመዱን አዩ፤ ቀዩን ስክሪን አዩ። ከዚያ ላፕቶፑን ቀስ ብለው ከደኑና ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት።

“የእኔው ላይ የቢሮ ምስጢር አለ” አሉ።

“ሰርቨሩ ላይስ ምን አለ?” አልኳቸው።

ላፕቶፑን እንዳቀፉ ተነስተው ወጡ። የጥገና ቤቱንም ሰው ከበር መለሱት። በማግስቱ የጅማው መኪና ሹፌር ፍላሹን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣላት። ጫነች፤ አበራች፤ የአንድም ተማሪ ውጤት አልጎደለም። የተመራቂዎቹ ስም አንድ ቀን ዘግይቶ ተለጠፈ፤ የማጂዎቹም በጎች ዕጣቸው ደረሳቸው። የኮሚቴው ሪፖርት “አመራሩ በወሰደው ፈጣን እርምጃ” ብሎ ይጀምራል። የትዕግሥት ስም የለበትም። የእኔም ፊርማ የለበትም፤ ያለ እኔ ፊርማ ግን በሰላም አለፈ።

ትዕግሥት ቆይታ ቴፒ ሌላ ሥራ አገኘች። እዚያው ስታገባ እኔንም ዲኑንም ጠራችን። የጴንጤ ሠርግ ነውና ጠጅ የለም፤ ከጌጫ በመጣ ማር የተበጠበጠ ብርዝ ነበር። አሳላፊው ሌላውን ሁሉ ዝም ብሎ እየቀዳ መጣና እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከጆጉ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ቀና ብዬ ሙሽራዋን ሳያት አፏን በመሀረብ ይዛ ትስቃለች።

አሁንም ማንንም ቶሎ አላምንም፤ አያሳፍረኝምም። የሚጠራጠር ሰው ሲገጥመኝ ግን ንግግሩን ትቼ፣ ጽዋው እሱ ጋ ሲደርስ የሚያደርገውን ነው የማየው። በዚያ ሠርግም አሳላፊው ቢቀምስልኝም ብርጭቆዬን ወዲያው አላነሳሁም። ዲኑ አጠገቤ ተቀምጠው ነበርና፣ እሳቸው እስኪጠጡ ጠበቅሁ።