ደርሶ ያልደረሰው ማስክ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም፤ ለልጄ አልተናገርኩም፤ ባሌን የቀበርን ቀን መቃብሩ አፍ ላይ ቆሜ እንኳ በልቤ አላልኩትም። አራት ዓመት ሙሉ የደግ ቄስ ደግ ሚስት ተብዬ ኖሬአለሁ። የመካነ ሰላም ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለኝ። እኔ ግን የሠራሁትን አውቃለሁ። ሸሽጌአለሁ። ዋሽቻለሁ። እናንተ አታውቁኝምና ለእናንተ ልናገር።

ባሌ ቄስ አየለ ይባላል። ከከተማው ወጣ ብላ ባለች የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድሷል። በሰው ፊት እንደ ወጉ አንቱ ነበር የምለው። ማታ በር ተዘግቶ ጋደም ስንል ግን አንተ እለው ነበር። የቀኑን ወሬ ሁሉ ለዚያች ሰዓት ነበር የምናቆየው፤ ማን ከማን እንደታረቀ፣ የማን በቅሎ እንደጠፋች፣ ከከላላ ገበያ የመጣ ሰው ምን እንዳወራ። ልጆቻችን አንድ ባንድ ከቤት ከወጡ በኋላ የቀረችኝ ያቺ ሰዓት ናት። የቄስ ሚስት ጎረቤት ቤት ገብታ የልቧን አታወራም። እኔ የማወራው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ማንኮራፋቱን ድሮም ለምጄዋለሁ። በኋላ ግን ሲያንኮራፋ ይቆይና ድንገት ጭጭ ይል ጀመር። ትንፋሹ ይጠፋል። በክርኔ ጎኑን ስጎስመው ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው እየቃተተ ይመለሳል። ቀን ደግሞ ተቀምጦም ቆሞም እንቅልፍ ይጥለዋል። ማኅሌት ላይ መቋሚያውን ተደግፎ ሲያንጎላጅ ካህናቱ እያዩ እንዳላዩ ያልፉት ነበር። አንድ እሑድ ግን ወንጌል እያነበበ ድምፁ ተቋረጠና አንገቱ ወደቀ። ሕዝቡ ራሱን የሳተ መስሎት ተንጫጫ። ይህን የሰማችው ልጃችን ትዕግሥት ከአዲስ አበባ መጥታ ይዛው ሄደች። እዚያ ገላው ላይ ሽቦ ለጣጥፈው አንድ ሌሊት አስተኙት። ሲተኛ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ እንደሚቆም፣ ልቡም ከዚህ የተነሣ እንደደከመ ነገሩት። ትዕግሥት የትም ብላ በአፍና በአፍንጫ አየር የሚገፋ ማሽን አገኘችለት። ክትትሉ ለእኛ ቅርብ እንዲሆን ደሴ ተደረገ፤ እዚያ ሲስተር ዘሃራ የምትባል ነርስ አጠቃቀሙን አስተማረችን።

ማስኩ አፍንጫንና አፍን አንድ ላይ የሚሸፍን ነበር። የጢሙን ነገር ማንም አላሰበበትም። ቄስ ደግሞ ጢሙን አይላጭም። የማስኩ ጎማ ጢሙ ላይ አልገጥም አለ። አየሩ ከታች እያመለጠ ያፏጫል፤ እንዳያፏጭ ብሎ ማሰሪያውን ሲያጠብቀው የአፍንጫውን አጥንት ይልጠዋል። ወደ ላይ ያመለጠው ነፋስ ዐይኑ ውስጥ ገብቶ ጠዋት ዐይኑ ቀልቶ ይነሣል። የአገራችን ብርድ ደግሞ ማሽኑ ጉሮሮ እንዳይደርቅ የሚያወጣውን እንፋሎት ቱቦው ውስጥ መልሶ ውሃ ያደርገዋል። ውሃው እየተንቦጫረቀ ይመጣና ፊቱ ላይ ጠብ ይላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ታፍኖ ባንኖ ይነሣል።

መጀመሪያ ላይ ክፉ አልነበርኩም። ይህን የምለው ራሴን ላድን ብዬ አይደለም፤ አውቅ እንደነበር እንድታውቁ ነው። ሲስተር ዘሃራ ያለችኝን ሁሉ አደርግ ነበር። ማስኩን በየጠዋቱ በለስላሳ ሳሙና አጥባለሁ። ማሽኑን ከአልጋው ዝቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከአሮጌ ጋቢ ቀድጄ ቱቦው እንዳይበርደው ልብስ ሰፋሁለት፤ ውሃውም ቀነሰ። ቀን ቀንም እንዲለምደው ማስኩን አጥልቆ ዳዊቱን ይዞ ይቀመጣል። አፉ ተሸፍኗልና በዐይኑ ብቻ ነበር የሚያነበው።

አንዳንድ ሌሊት ማስኩ ልክ ይገጥምለታል። እንደዚያ ያደረ ጠዋት ሌላ ሰው ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንጨት ይፈልጣል፤ ሰው ሲያናግረው ዐይኑን ገልጦ ይሰማል። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ። ያ ማሽን እንደሚጠቅመው አይቻለሁ።

ግን ማስኩን ካጠለቀ በኋላ አይናገርም። እኔ ወሬ ስጀምር እጁን አንሥቶ ያወዛውዝልኛል፤ ነገ ማለቱ ነው። ነፋሱ እንዳይነካኝ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እኔ ጀርባውን እያየሁ የማሽኑን ድምፅ እሰማለሁ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ቀን ነው፤ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ እኔም አንቱ እለዋለሁ። አርባ ዓመት አጠገቤ የተኛ ሰው ትቶኝ አገር የለቀቀ መሰለኝ። ሰው በማሽን ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ባሌን በሕይወት በሚያቆይ ነገር ቀናሁ።

አንድ ቀን ሲስተር ዘሃራ ደወለች። የእሱ ስልክ አልነሣ ብሏት ነው በእኔ የደወለችው።

«አብሽሩ እማማ» አለችኝ። «ጢም የማትነካ አገኘሁላቸው። ከአፍንጫቸው ሥር ብቻ የምትቀመጥ ትንሽ ናት። ነገ በአውቶቡስ እልካታለሁ።»

በማግስቱ መናኸሪያ ወርጄ፣ በአቀስታ በኩል የመጣውን አውቶቡስ ጠብቄ፣ ከረዳቱ እጅ ተቀበልኩ። ላስቲክ ውስጥ ታሽጋ ነበር፤ ክብደት የላትም። ነጠላዬ ውስጥ ይዣት ወደ ቤት ስመለስ ልሰጠው ነበር። እሱ ግን ለቀብር ሄዶ አልነበረም። አልጋው ላይ ተቀምጬ ላስቲኩን እያገላበጥኩ አየኋት። ይህቺ ከገጠመችለት በየሌሊቱ ይተኛል፤ በየሌሊቱ ጀርባውን ይሰጠኛል ብዬ አሰብኩ። ተነሥቼ ሣጥኔን ከፈትኩና ከበዓል ቀሚሴ ሥር ሸሸግኳት። ለዛሬ ማታ ብቻ ነው አልኩ። ነገ እሰጠዋለሁ አልኩ።

ያን ዕለት ማታ የአፍንጫው ቁስል እንደገና ደማ። ማስኩን አወለቀና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወሬ ጀመረ። ቀብሩ ላይ የተጣሉትን ሁለት ወንድማማቾች፣ እሱ እንዴት እንዳስታረቃቸው፣ ታናሽየው እያለቀሰ ምን እንዳለ ነገረኝ። ስንት ጊዜ ያልሰማሁትን ሳቁን ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ሰዓት ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ሴት አልነበረችም።

ከዚያ ድንገት አስታወሰና፣ «ያቺ ነርስ ትንሽ ማስክ ካገኘሁ እልካለሁ ብላኝ ነበር፤ ደውላ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«አልደወለችም» አልኩት።

አንድ ቃል ነው። ምላሴ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሣጥኑ እሱ ከተቀመጠበት አልጋ ሁለት ክንድ አይርቅም ነበር። ለምን አልተነሣሁም? እጄን ዘርግቼ አውጥቼ፣ ረስቼው ነው ብለው ያምነኝ አልነበረም? ያምነኝ ነበር። ያልኩትን ሁሉ ያምነኝ ነበር።

በማግስቱም አልሰጠሁትም። በሳምንቱም አልሰጠሁትም። ሣጥኔን እከፍታለሁ፣ ልብስ አወጣለሁ፣ እጄ ላስቲኩን ይነካል፣ እዘጋለሁ። ሲስተር ዘሃራ ደውላ ተስማማቻቸው ወይ ብትለኝ፣ ተስማማችው፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኳት። አልሐምዱሊላህ ብላ ሳቀች። እሱ ትልቁን ማስክ ጥቂት ቀን ታገለው። ከዚያ በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ አልፎ አልፎ፣ በመጨረሻ ካርቶኑ ውስጥ መልሶ ከአልጋው ሥር ገፋው። ትዕግሥት በደወለች ቁጥር እየሞከርኩ ነው ይላትና ስልኩን ዘግቶ አንገቱን ይደፋል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሲያፍር አየዋለሁ። እፍረቱ የእኔ ነበር፤ እሱ ተሸከመልኝ።

አምስት ወር ያህል ወሬዬን አገኘሁ። የፈለግሁትን አገኘሁ ማለት ነው። ግን እያደር ጀምሮት የነበረውን ወሬ ሳይጨርስ ያንቀላፋ ጀመር። እግሩ አበጠ። ቅዳሴ መቆም ስላቃተው ሌሎች ይሸፍኑለት ጀመር። እኔ እያየሁ ነበር። ማስኩን ያን ጊዜም መስጠት እችል ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ ብሰጠው እስካሁን የት ነበረች ይለኛል። መጀመሪያ የሸሸግኳት ስለናፈቀኝ ነው፤ በኋላ የሸሸግኳት ስለፈራሁ ነው። ሁለቱንም አውቄ ነው ያደረግሁት።

አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በሩ ላይ ወደቀ። ሰዎች ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱት። ግማሽ ገላው አልታዘዝ አለው። በሁለተኛው ቀን ዘመዶቹን ሁሉ ውጡልኝ አለና እኔን ወደ ጆሮው አስጠጋኝ። አፉ ተጣሟል፤ ቃሉን በግድ ነበር የሚያወጣው።

«የሺ» አለኝ። «ልጄ የለፋችበትን ነገር በስንፍናዬ ጣልኩት። አንቺንም ብቻሽን ላስቀርሽ ነው። ይቅር በይኝ።»

ምን ማለት ነበረብኝ? ምን ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ። አንተ ሰነፍ አይደለህም፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አምስት ቃል ብቻ ናት። እኔ ግን የማይንቀሳቀሰውን እጁን ያዝኩና፣ «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

እኔ እሱን ይቅር አልኩት። ገባችሁ? በደሉ የእኔ፣ ይቅር ባይዋም እኔ። እሱ ዐይኑን ጨፍኖ እፎይ አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተ።

ትዕግሥት ለቅሶው ላይ ራሷን ትወቅስ ነበር። ጢሙን ሳላስብ የማይሆን ማስክ ገዛሁለት እያለች ደረቷን ትመታለች። ሴቶቹ ያባብሏታል፤ እኔም አባበልኳት። ያን ጊዜም አልተናገርኩም። በኋላ ማሽኑ ለሌላ ታማሚ ይድረስ ብዬ ወደ ደሴ ላክሁት፤ ትንሿንም ማስክ ከነላስቲኳ ካርቶኑ ውስጥ ጨመርኳት። በሳምንቱ ሲስተር ዘሃራ ደወለች። «እማማ፣ ላስቲኳ አልተከፈተም» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ከዚያ አላህ ያጽናዎት ብላ ዘጋችው። ዳግመኛ አልደወለችም።

ሐኪሙ ለትዕግሥት የአባቷ ልብ ቀድሞ የተጎዳ ስለነበር ማሽኑን ቢጠቀምበትም ላይተርፍ ይችል እንደነበር ነግሯታል። ልታጽናናኝ ስትል ይህን ደጋግማ ትነግረኛለች። እኔ ግን እዚያ ሥር አልጠለልም። እኔ የሐኪሙን ቃል ሰምቼ አይደለም ማስኩን የሸሸግኩት። ከእሱ ሞት ወዲህ አልቆረብኩም። ሰው ከሐዘኗ ብዛት ነው ይላል። የንስሐ አባቴ የባሌ የልጅነት የትምህርት ቤት ጓደኛ ናቸው፤ ሄጄ ሐሜቴንና ቁጣዬን እነግራቸዋለሁ፤ ይህን ዘልዬ እመለሳለሁ። አሁን ማታ ማታ አልጋው ሰፊ ነው። የቀኑን ወሬ የምነግረው የለኝም። ይህም ሲያንሰኝ ነው።

ትናንት ትዕግሥት ጋ ደወልኩና ልጆቿን ሳትይዝ ብቻዋን እንድትመጣ ነገርኳት። «ምነው እማዬ፣ አመመሽ?» አለችኝ። አላመመኝም፣ የምነግርሽ አለ አልኳት። ቅዳሜ ትገባለች።

ብቸኝነት ገፋፍቶኝ ነው አልላትም። ብቸኛ ነበርኩ፤ እውነት ነው። እሱስ አጠገቤ ተኝቶ ትንፋሽ ሲያጥረው ብቻውን አልነበረም? ማስኳ መጣች፤ ሸሸግኳት፤ አባትሽ ሲጠይቀኝ አልደወለችም አልኩት፤ ሊሞት ሲል ይቅርታ ለመነኝና ይቅር አልኩት። የምላት ይህን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የምትለኝን ሁሉ ተቀምጬ እሰማለሁ።